2147483647፦ የማንም ያልሆነው ስልክ ቁጥር

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ከምትሰራበት መስሪያ ቤት (ስሙን ተዉት) ሦስት ገጽ ሊስት አትማ ይዛ መጣችብኝ፣ ለአጭር ስልጠና የተመዘገቡ ሰዎች ዝርዝር ነው፣ ስም፣ ቀበሌ፣ ስልክ። «እስቲ እየው፣ ያበድኩት እኔ ነኝ ወይስ ኮምፒውተሩ?» አለችኝ። አየሁት። የአስራ አንድ ሰው ስልክ አንድ አይነት ነው። ከቆጪ የመጣውም፣ ከፈረንጅ አራዳ የመጣችውም፣ ከሂርማታ የመጡት ሁለት ወንድማማቾችም፣ ሁሉም 2147483647። አለቃዋ ደግሞ አንድ ሰው ነው አጭበርብሮ አስራ አንድ ጊዜ የተመዘገበው ብሎ ደምድሞ ሊሰርዛቸው ነው። ቁጥሩ ላይ ሲደውሉ እንኳን ሊጠራ፣ መስመርም አይገባም።

እኔ ቁጥሩን ሳየው ሳቄ መጣ፣ የቆየ ወዳጄ ነው። ጎረቤቴ ያለው የ8ኛ ክፍል ልጅም በዚያው ሰሞን ሞድ የተደረገ (ሰው ውስጡን የቀየረው) ጌም ጭኖ «ጋሼ ኮይኔ አልቆ አያልቅም» እያለ ሲያሳየኝ እዚያም የተጻፈው 2,147,483,647 ነበር። ልጁ «ሃከሮች የመረጡት ሚስጥራዊ ቁጥር ነው» ይላል፣ ቴሌግራም ላይም ኮድ ነው ምናምን እየተባለ ሲዞር አይቻለሁ። ሚስጥር የለውም። ታሪክ ግን አለው፣ እንዲያውም ሁለት ታሪክ፣ አንዱ የኮምፒውተር አንዱ ከኮምፒውተር በፊት የነበረ፣ ሁለቱም አንድ ቁጥር ላይ መጥተው ተገጣጠሙ።

ለመሆኑ ምን ያህል ነው?

ሲነበብ ሁለት ቢሊዮን አንድ መቶ አርባ ሰባት ሚሊዮን አራት መቶ ሰማንያ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ሰባት ነው። በግዕዝ ቁጥር ደግሞ ፳፩፼፵፯፻፵፰፼፴፮፻፵፯ ተብሎ ይጻፋል፣ እሱን ያነበበ ሰው ቡና ይገባዋል።

ቡና ካልን ዘንድ ጅማ ነንና በቡና እንቁጠረው። ዛሬ አንድ ፍሬ ጥሬ ቡና ወለል ላይ አስቀምጡ። ነገ ሁለት ጨምሩበት፣ ከነገ ወዲያ አራት፣ ከዚያ ስምንት፣ እንዲህ በየቀኑ የትናንቱን እጥፍ እየጨመራችሁ ቀጥሉ፣ የቀደመውን ግን አታንሱ፣ ይከመር። አስር ቀን ሲሞላ ክምሩ 1,023 ፍሬ ነው፣ ቆልታችሁ ብትጠጡት ያልቃል። በሃያኛው ቀን 1,048,575 ይሆናል፣ አንድ ኪሎ 7 ሺህ ፍሬ ይይዛል ብለን ብናስብ አንድ ኩንታል ተኩል ነው፣ አሁንም ቤት ውስጥ ይገባል። ወሩ ሲያልቅ በ30ኛው ቀን 1,073,741,823። አንድ ቀን ጨምሩ። 31ኛው ቀን ላይ ክምሩ በትክክል 2,147,483,647 ፍሬ ነው። አንድም አይበልጥ፣ አንድም አይጎድል።

በዚያው ስሌት ከ3 ሺህ ኩንታል በላይ ነው፣ በነጋዴ አፍ 18 ሺህ ፈረሱላ፣ አንድ አይሱዙ 50 ኩንታል ቢጭን ከ61 አይሱዙ ያልፋል። ከአንዲት ፍሬ ተነስቶ በወር ከአንድ ቀን!

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፣ በኋላ ይጠቅመናል። በየትኛውም ቀን ብትቆሙ ክምሩ በሙሉ፣ ነገ ከምትጨምሩት በአንድ ፍሬ ብቻ ያንሳል። ሦስተኛው ቀን ላይ 1 ሲደመር 2 ሲደመር 4፣ ሰባት፣ ነገ የሚጨመረው ስምንት። በ32ኛው ቀን ልትጨምሩ የነበረው ደግሞ 2 በራሱ 31 ጊዜ የተባዛ ነው፣ ማለትም 2 ፓወር 31፣ እሱም 2,147,483,648። ስለዚህ የኛ ቁጥር ሙሉ ስሙ «2 ፓወር 31 ሲቀነስ አንድ» ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ከዚህች ስም ነው የሚወጣው።

ታዲያ ኮምፒውተር ለምን እዚህ ላይ ይቆማል?

ኮምፒውተር እንደኛ እስከ ዘጠኝ አይቆጥርም፣ ያለው ማብሪያና ማጥፊያ ብቻ ነው፣ በርቷል ወይም ጠፍቷል፣ 1 ወይም 0። አንዷ ማብሪያ ቢት ትባላለች። ይሄ ለኛ እንግዳ ነገር እንዳይመስላችሁ። በውጭ አገር የሂሳብ መማሪያዎች ውስጥ «የኢትዮጵያ ማባዣ» እየተባለ የሚጠራ ዘዴ አለ፣ የጥንት ግብጾችም የራሺያ ገበሬዎችም ተመሳሳዩን ይሰሩበት ነበር ይባላል፣ ማጠፍና ማጋመስ ብቻ ነው የሚፈልገው። 13 ፈረሱላ ስንት ኪሎ ነው? አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። በግራ 13ን እያጋመሳችሁ ውረዱ፣ ትርፉን ጣሉት፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። በቀኝ 17ን እያጠፋችሁ ውረዱ፦ 17፣ 34፣ 68፣ 136። በግራ ሙሉ ቁጥር (ማለት ለሁለት እኩል የሚከፈል) ያለበትን መስመር ሰርዙ፣ እዚህ 6 ነው፣ 34 ይሰረዛል። የቀሩት 17፣ 68፣ 136 ሲደመሩ 221። ኪሎው ይሄው ነው፣ በካልኩሌተር አረጋግጡ።

ለምን ሰራ? 13 ማለት 1 እና 4 እና 8 ስለሆነ ነው፣ 2 የለበትም። የተሰረዘው መስመር የጠፋች ማብሪያ ነው፣ የቀሩት የበሩ ናቸው። ኮምፒውተር 13ን የሚይዘው ልክ እንደዚህ ነው፣ 1101 ብሎ።

አሁን ወደ ቡናው ተመለሱ። 31 ቀን፣ 31 ማብሪያ፣ የመጀመሪያዋ 1 ትይዛለች፣ ሁለተኛዋ 2፣ ሦስተኛዋ 4 እያለ ይሄዳል። ሁሉም ሲበሩ የሚገኘው ድምር የኛ ክምር ነው። ብዙ ፕሮግራም ቁጥር የሚያስቀምጥበት ሳጥን 32 ማብሪያ አለው፣ አንዷ ግን ለምልክት ትያዛለች፣ ቁጥሩ ፖዘቲቭ ነው ወይስ ኔጌቲቭ የሚለውን ለመለየት። 32 ሲቀነስ 1፣ 31። ስለዚህ ሳጥኑ ውስጥ ሊገባ የሚችለው ትልቁ ቁጥር 31ዱም ማብሪያ ሲበራ ነው፣ 2,147,483,647። ሃከር አልመረጠውም፣ ሳጥኑ ጢም ብሎ ሲሞላ የሚታይ አፍ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ጌም ላይም የሆነው ይሄ ነው፣ ሞድ ያደረገው ሰውዬ «የሚችለውን ያህል ሙላው» ብሎ ሞላው።

የስልክ ሊስቱም ያው ነው። 0912 ብለው የጻፉት ሰዎች ዜሮዋ ትጠፋና ዘጠኝ አሃዝ ይቀራል፣ ዘጠኝ መቶ ሚሊዮን ቤት ስለሆነ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። 251 ብለው የጀመሩት ግን አስራ ሁለት አሃዝ ነው፣ ሁለት መቶ ሃምሳ አንድ ቢሊዮን ቤት፣ አይገባም። ያ ዳታቤዝ (ሊስቱን የሚያስቀምጠው ፕሮግራም) ደግሞ አልገባም ብሎ በመጮህ ፈንታ ዝም ብሎ የሚችለውን ትልቁን ቁጥር ጽፎ ያልፋል። አስራ አንዱም ሰዎች ጥፋታቸው የአገር መለያውን አሟልተው መጻፋቸው ነው፣ በሌላ አነጋገር በጣም ጠንቃቆቹ ናቸው ሊሰረዙ የነበሩት። ስልክ ቁጥር እኮ የሚደመርና የሚቀነስ ነገር አይደለም፣ እንደ ስም በጽሁፍ ነው መቀመጥ ያለበት፣ ግን ፎርሙን የሰራው ሰው «ቁጥር አይደል» ብሎ የቁጥር ሳጥን ውስጥ ከተተው።

ሳጥኑ ሞልቶ አንድ ቢጨመርበትስ?

የድሮ መኪና ኪሎሜትር ቆጣሪ አይታችኋል አይደል፣ 99999 ላይ ደርሶ አንድ ኪሎሜትር ሲነዳ 00000 ይሆናል፣ ደላላው ደግሞ «አዲስ ነች» ብሎ ይምላል። ኮምፒውተር ላይ ግን ይብሳል፣ ዜሮ ላይ አይወድቅም። 31ዱ ማብሪያዎች ይጠፉና የምልክቷ ማብሪያ ትበራለች፣ ቁጥሩ ከትልቁ ፖዘቲቭ ተነስቶ ወደ መጨረሻው ኔጌቲቭ ይዘላል፣ −2,147,483,648። ሚሊየነር ሆኖ ያደረው በነጋታው ባለዕዳ ሆኖ ይነሳል ማለት ነው፣ አንድ ብር ስለጨመሩለት።

ይሄ በወሬ ያለ ነገር አይደለም። በፈረንጆቹ ታህሳስ 2014 ሳይ (PSY) የሚባለው የኮሪያ ዘፋኝ ያ የፈረስ ግልቢያ ዳንስ ያለበት ቪዲዮው የዩቲዩብ ቆጣሪ ሊያልፍ የማይችለው እዚህ ቁጥር ጋ ደረሰና ቆጣሪው ወደ 64 ቢት ከፍ እንዲል ተደረገ። አዲሱ ጣራ 9,223,372,036,854,775,807 ነው፣ እሱን የሚሞላ ዘፈን ገና አልተወለደም።

ሌላው ደግሞ የሚያስደነግጠው ነው። በፈረንጆቹ 2015 የአሜሪካ አቪዬሽን ተቆጣጣሪ መስሪያ ቤት ስለ ቦይንግ 787 መመሪያ አወጣ፣ አውሮፕላኑ ኤሌክትሪኩ ሳይጠፋ 248 ቀን በተከታታይ ከቆየ የጄኔሬተሮቹ መቆጣጠሪያ ውስጥ ያለች የሶፍትዌር ቆጣሪ ሞልታ መብራቱ ሊቋረጥ ይችላል የሚል፣ መፍትሄውም በየጊዜው አጥፍቶ ማብራት። 248 ቀን ከየት መጣ? የሰከንድን መቶኛ እየቆጠራችሁ ብትሄዱ 2 ፓወር 31 ላይ የምትደርሱት በ248 ቀን ተኩል ገደማ ነው። 248ን ያዙልኝ፣ ተመልሳ ትመጣለች፣ በሌላ በር።

የ2030 ጥምቀት ጠዋት ምን ይሆናል?

ብዙ ኮምፒውተር ሰዓትን የሚያውቀው ሰከንድ በመቁጠር ነው፣ ቆጠራው የሚጀምረው በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ነው፣ በኛ ታህሳስ 23 ቀን 1962። ባትሪው የሞተ ስልክ ሲነሳ 1970 የሚያሳየው ለዚህ ነው፣ ከዜሮ ጀመረ። እና ይሄን ሰከንድ የሚያስቀምጡት ያንኑ ባለ 32 ማብሪያ ሳጥን ውስጥ ከሆነስ? 2,147,483,647 ሰከንድ 68 ዓመት ነው።

ሲሰላ የሚሞላው በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ነው፣ ፈረንጆቹ «የ2038 ችግር» ይሉታል። እኔ ወደኛ ካላንደር ስቀይረው ደግሞ ጥር 11 ቀን 2030 ሆኖ አገኘሁት፣ ማክሰኞ፣ የጥምቀት ዕለት! ሰዓቱ በኛ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ንጋት ላይ ነው፣ ታቦቱ ከውሃው ዳር አድሮ ሰዉ ነጭ ለብሶ በተሰበሰበበት። ያልታደሰ መሳሪያ በቀጣዩዋ ሰከንድ ላይ ወደ ኔጌቲቭ ዘሎ ታህሳስ 4 ቀን 1894 ሌሊት 5 ሰዓት ከ45 ነው ብሎ ያስባል። ዙፋኑ ላይ ምኒልክ፣ ጅሬን ላይ አባ ጅፋር የነበሩበት ዘመን ማለት ነው።

ስልካችሁን አትጣሉ። የዛሬ ስልኮችና ላፕቶፖች በአብዛኛው 64 ቢት ናቸው፣ ሊነክስ የሚባለው የኮምፒውተር ማስኬጃ ሶፍትዌርም ከፈረንጆቹ 2020 ጀምሮ ለ32 ቢት መሳሪያዎች ጭምር መፍትሄ አስገብቷል። የሚያሰጋው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ማንም የማያስታውሰው አሮጌ መሳሪያ ነው፣ ቆጣሪ፣ መቆጣጠሪያ፣ ራውተር፣ አንድ ጊዜ ተገጥሞ ሶፍትዌሩን ማንም ያልነካው።

«ፕራይም ነው» የሚሉትስ ምንድን ነው?

ሁለተኛው ታሪክ ይሄ ነው፣ ለኔ የበለጠ የሚጥመኝም እሱ ነው።

ከክምሩ አጠገብ ቁሙና ለሰው እኩል ማካፈል ጀምሩ። የ30ኛው ቀን ክምር ችግር የለበትም፣ ለ3 ሰው እኩል ይከፈላል፣ ለ7ም፣ ለ11ም፣ ለ31ም፣ ለ151ም። የ31ኛውን ቀን ሞክሩ። ለ3 ሰው ስታካፍሉ አንድ ፍሬ ትተርፋለች። ለ5 ሁለት። ለ7 አንድ። ለ11 አንድ። ለ13 አስር። ለአንድ ሺህ፣ ለአንድ ሚሊዮን ሰው፣ የፈለጋችሁትን ያህል ሰው ጥሩ፣ ሁሌም ትርፍ አለ። እኩል የሚደርሰው ወይ ሁሉን ለአንድ ሰው ስትሰጡ ነው ወይ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ፍሬ ስትሰጡ። ከአንድና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ቁጥር ፕራይም ይባላል፣ ትምህርት ቤት «ብቸኛ ቁጥር» ብለን የተማርነው። 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11 ፕራይም ናቸው፣ 9 አይደለም፣ 3 በ3 ነው። ብቸኛ የሚለውን ስም እወደዋለሁ፣ አስር አሃዝ ሆኖ ከማንም ጋር የማይካፈል።

ያለ ኮምፒውተር ይሄ እንዴት ታወቀ?

በፈረንጆቹ 1772 ነው የታወቀው፣ ያውም ዓይኑ ወደ ጨርሶ አለማየት ደርሶ በነበረ ሰው፣ የሂሳብ ሊቁ ሌዎናርድ ኦይለር፣ ራሺያ ሴንት ፒተርስበርግ ተቀምጦ፣ በርኑሊ ለሚባል ሌላ የሂሳብ ሰው በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ። እዚህ ጋ ቀስ ብለን እንሂድ፣ ዘዴው ያምራል።

መጀመሪያ፣ እስከ ሁለት ቢሊዮን ያለውን ቁጥር ሁሉ መሞከር አያስፈልግም። አካፋዮች ጥንድ ጥንድ ናቸው፣ አንዱ ትልቅ ከሆነ ጓደኛው ትንሽ ነው፣ ስለዚህ እስከ 46,340 ድረስ አካፋይ ካልተገኘ ከዚያ በላይም የለም፣ ምክንያቱም 46,341 በራሱ ሲባዛ ከቁጥራችን ያልፋል። ይሄ ብቻ ስራውን ወደ 4,800 ገደማ ፕራይሞች ያወርደዋል። አሁንም በእጅ ለሚያካፍል ሰው ብዙ ነው።

ቀጥሎ ወንፊት። ከኦይለር በፊት የነበረው ፈረንሳዊው ፌርማ ያገኛት ነገር አለች፦ የ31 ቀን ክምርን የሚያካፍል ፕራይም ካለ እሱ ራሱ ለ31 ሲካፈል የግድ አንድ መትረፍ አለበት። ክምሩ ጎዶሎ ስለሆነ አካፋዩም ጎዶሎ ነው፣ ስለዚህ በ62 እየዘለልን 63፣ 125፣ 187፣ 249 እያልን የምንሄድበት መንገድ ላይ ብቻ ነው የሚገኘው። በዚህ ላይ ሁለተኛ ወንፊት፦ ለ8 ሲካፈል 1 ወይም 7 መትረፍ አለበት። በትንሽ ክምር ልሞክረው ካላችሁ የ11ኛው ቀን ክምር 2,047 ነው፣ እሱ 23 በ89 ነው። 23 ለ11 ሲካፈል አንድ ይተርፋል፣ 89ም እንዲሁ። ለ8 ሲካፈሉ 23 ላይ 7፣ 89 ላይ 1። ገጠመ።

ሁለቱን ወንፊቶች ስትደራርቡ የሚቀሩት ለ248 ሲካፈሉ 1 ወይም 63 የሚተርፋቸው ቁጥሮች ብቻ ናቸው። 248! ያቺው የአውሮፕላኑ። ዝምድና የላቸውም፣ እዚህ 31 በ8 ስለሆነ ነው፣ እዚያ የሰከንድ ስሌት ነው፣ ግጥምጥሞሽ ብቻ፣ ግን ሳያት ደነገጥኩ።

እስቲ ወንፊቱ የሚሰራውን እዩ። እስከ 1,303 ድረስ ከ200 በላይ ፕራይሞች አሉ። ወንፊቱን የሚያልፉት አስራ አንድ ቁጥሮች ናቸው፦ 63፣ 249፣ 311፣ 497፣ 559፣ 745፣ 807፣ 993፣ 1055፣ 1241፣ 1303። ከነዚህ ውስጥ ፕራይም የሆኑት ሁለት ብቻ፣ 311 እና 1303። ስልካችሁን አውጡና አካፍሉ፣ ለ311 ሲካፈል 35 ይተርፋል፣ ለ1303 ሲካፈል 226። አለቀ፣ ሁለት መቶ ምናምን ማካፈል በሁለት ተጠናቀቀ። እስከ 46,340 ድረስ በዚህ መንገድ 370 ገደማ ቁጥር ነው የሚቀረው፣ ከነሱም ብዙዎቹ ራሳቸው ፕራይም ስላልሆኑ ይጣላሉ። ሁሉም ትርፍ አላቸው። ቁጥሩ ፕራይም ነው። ከዚያ በኋላም ለረጅም አስርት ዓመታት የሰው ልጅ የሚያውቀው ትልቁ ፕራይም ሆኖ ቆይቷል።

ዘመዶቹ እነማን ናቸው?

በዚህ አይነት ከአንድ ፍሬ ተነስተው በማጠፍ የሚገኙ ፕራይም ክምሮች የሜርሴን ፕራይም ይባላሉ፣ በፈረንሳዊው መነኩሴ ማሪን ሜርሴን ስም። ክምሩ ፕራይም የሚሆነው የቀኑ ቁጥር ራሱ ፕራይም ከሆነ ብቻ ነው፣ ግን ያ ብቻ አይበቃም፣ 11ኛውን ቀን አይተናል። የሚሆኑት በ2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19 ከዚያም በ31ኛው ቀን ነው፣ የኛው ስምንተኛ ልጅ ነው። ሜርሴን በ1644 ዝርዝር አውጥቶ ነበር፣ 31ን በትክክል ጠቅሷል፣ 67ንና 257ን ግን ያለ ቦታቸው አስገባ፣ 61ን፣ 89ንና 107ን ደግሞ ዘለላቸው። የ61ኛውን ቀን ክምር በ1883 ያረጋገጠው ፔርቩሺን የሚባል የራሺያ ቄስ ነው፣ መነኩሴው የዘለለውን ቄሱ ሞላው። ዛሬ 52 ይታወቃሉ። በፈረንጆቹ ጥቅምት 2024 የተገኘው የ136,279,841ኛው ቀን ክምር ነው፣ ቁጥሩን ለመጻፍ ብቻ 41,024,320 አሃዝ ይፈልጋል።

የኛው ሌላም ማዕረግ አለው። የቀኑ ቁጥር 31 ራሱ የ5ኛው ቀን ክምር ነው፣ ስለዚህ የክምር ክምር ነው፣ ድርብ ሜርሴን ይሉታል። ፕራይም መሆናቸው የታወቀ ድርብ ሜርሴኖች አራት ብቻ ናቸው፣ 7፣ 127፣ የኛው፣ አራተኛው ደግሞ የ127ኛው ቀን ክምር ነው፣ 39 አሃዝ ያለው።

አንድ የመጨረሻ ዝምድና። ስድስት ስኒ ያለው ረከቦት እዩ፣ የ6 አካፋዮች (ራሱን ትተን) 1፣ 2፣ 3 ናቸው፣ ሲደመሩ ተመልሰው 6። እንዲህ አይነቱ ፍጹም ቁጥር ይባላል። 28ም እንደዚያው ነው፣ 1፣ 2፣ 4፣ 7፣ 14። ከጥንቱ ግሪካዊ ዩክሊድ ጀምሮ የሚታወቅ አሰራር አለ፦ ክምሩ ፕራይም በሆነበት ቀን ጠቅላላ ክምሩን በዚያ ቀን በጨመራችሁት አባዙ። ሁለተኛው ቀን 3 በ2፣ ስድስት። ሦስተኛው ቀን 7 በ4፣ ሃያ ስምንት። አምስተኛው ቀን 31 በ16፣ 496። 31ኛው ቀን ላይ 2,305,843,008,139,952,128፣ ስምንተኛው ፍጹም ቁጥር።

ታዲያ ኮምፒውተር የመረጠው ፕራይም ስለሆነ ነው?

አይደለም፣ እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ሳጥኑ 32 ማብሪያ ኖሮት አንዷን ለምልክት ስለሰጠ ብቻ ነው 31 የቀረው። ምልክት የማይፈልግ ሳጥን 32ቱንም ይጠቀማል፣ ጣራው 4,294,967,295 ነው፣ እሱ በ5 ማለቁን እያያችሁ ነው፣ 3 በ5 በ17 በ257 በ65,537 ነው። የድሮው 16 ቢት ሳጥን ጣራ 32,767፣ 7 በ31 በ151 ነው። ዩቲዩብ የተሻገረበት ያ ግዙፍ የ64 ቢት ጣራም ለ7 ይከፈላል፣ ያውም ሁለት ጊዜ። ከነዚህ ሁሉ ጣራዎች መካከል ፕራይም የሆነው ይሄው አንዱ ነው፣ ኢንጂነሮቹ ቢያውቁትም ባያውቁትም ሳጥኑ ያው በሆነ ነበር፣ ኦይለርም ደብዳቤውን ሲጽፍ ስለ ማብሪያ የሚያስበው ነገር አልነበረም።

የአክስቴ ልጅ ጉዳይስ? አስራ አንዱ አልተሰረዙም፣ ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ ስልካቸው የለም፣ አንዴ ጣራው ላይ የተጫነ ቁጥር ዋናው ምን እንደነበር አይናገርም። የስልክ ሳጥኑ ወደ ጽሁፍ ተቀየረና እኔና እሷ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መዝገብ ቤቱ ውስጥ ገብተን የወረቀት ፎርሞቹን ፈለግን። አስሩን አገኘናቸው። የአስራ አንደኛው ፎርም ላይ አንድ ሰው ስኒ አስቀምጦበት ኖሮ የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ቡና ጠጥተዋል፣ አሁን ከ00 እስከ 99 እየደወለች ነው፣ ትናንት 38 ላይ ነበረች።